ሚኒስትር የማን አገልጋይ ነው?

በተካፈልኩባቸው የሥልጠና መድረኮች አንድ አባባል ደጋግሞ ይገጥመኛል። አሠልጣኙ ነጩ ሰሌዳ ላይ «ሚኒስትር» ብሎ በትልቁ ይጽፍና ከሥሩ «አገልጋይ» የሚል ቃል አክሎ ሁለት ጊዜ ያሰምርበታል። ከዚያም ቃሉ ከላቲን እንደ መጣ፣ በላቲን ትርጉሙ አገልጋይ እንደ ሆነ፣ ስለዚህም ሚኒስትር የተባለ ሁሉ ገና በስሙ የሕዝብ አገልጋይ እንደ ሆነ ያስረዳል። ተሰብሳቢው ራሱን ይነቀንቃል፤ ማስታወሻ የያዘም ይጽፋል። ይኸው አባባል በስብከት፣ በሬዲዮ ውይይትና በሹመት ቀን ንግግር ሲደገም ይሰማል።

አባባሉ ሐሰት አይደለም፤ ግን ግማሽ ነው፣ የጎደለው ግማሽ ደግሞ ዋናው ይመስለኛል። የላቲኑ ቃል አገልጋይ ማለቱ እውነት ቢሆንም የማን አገልጋይ እንደ ሆነ ግን ቃሉ ራሱ አይናገርም። ሁለት ሺህ ዓመት ያህል በአውሮፓ ቋንቋዎች ውስጥ ሲዞር ጌታውን ደጋግሞ ለውጧል፤ አንድ ጊዜ የማዕድ ባለቤት፣ አንድ ጊዜ እግዚአብሔር፣ ሌላ ጊዜ መስፍን፣ ብዙውን ጊዜም ንጉሥ ነበር። ሕዝብ ከእነዚህ ጌቶች መካከል የመጣው እጅግ ዘግይቶ ነው፤ የመጣውም በቃሉ ትርጉም ሳይሆን በሕግና በትግል ነው። ይህን ልዩነት መዘንጋት ጉዳት ስላለው የቃሉን ታሪክ በሚቻለኝ ጥንቃቄ ላስረዳ እወዳለሁ።

የቃሉ ሥር ተማሪ ሁሉ የሚያውቀው «ማይነስ» ነው። «ሚኑስ» በላቲን «ያነሰ» ሲሆን በሒሳብ የመቀነስ ምልክት ስም ሆኖ በእንግሊዝኛው አነጋገር እኛም ዘንድ ገብቷል። በዚህ ሥር ላይ «ተር» የሚል ቅጥያ ሲጨመር «ሚኒስተር» ይሆናል። ይህ ቅጥያ ሁለት ነገሮችን ጎን ለጎን አስቀምጦ አንዱን ከሌላው ይለያል፤ በላቲን ቀኝ «ዴክስተር»፣ ግራ «ሲኒስተር»፣ ከሁለቱ ሌላኛው ደግሞ «አልተር» የሚባሉት በዚሁ ምክንያት ነው። እንግዲህ «ሚኒስተር» ቃል በቃል ሲፈታ «ከሁለቱ ያነሰው» ይሆናል። ጥንዱም አብሮት ይኖራል፤ «ማጊስ» ማለትም «ይበልጥ» ከሚለው ቃል «ማጊስተር» ተሠርቶ «ከሁለቱ የሚበልጠው»፣ አለቃው፣ አዛዡ፣ መምህሩ ተባለ። የእንግሊዝኛው ማስተር፣ የጀርመንኛው ማይስተር፣ የጣሊያንኛው ማኤስትሮ፣ በፍርድ ቤት የምንሰማው ማጂስትሬት ሁሉ የማጊስተር ልጆች ናቸው። ለባዕድ ሰው የምንሰጠው «ሚስተር» እንኳ ከማስተር የወጣ ስለሆነ፣ በድምፅ የሚቀራረቡት ሚስተርና ሚኒስትር በመነሻቸው ጌታና አሽከር ነበሩ።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሚኒባስ ላይ ያለው «ሚኒ» የዚሁ ቤተሰብ አባል የሚመስላቸው አሉ፤ ጉዳዩ ግን እንዲያ ቀጥተኛ አይደለም። «ሚኒየም» በላቲን የቀይ ቀለም ስም ነው። የብራና መጻሕፍት በዚህ ቀለም ይጌጡ ስለነበር በመጽሐፍ ውስጥ የሚሣለው ሥዕል «ሚኒያቸር» ተባለ፤ ሥዕሉ ትንሽ በመሆኑና ድምፁም የትንሽነት ቃል ከሆነው «ሚኒመም» ጋር በመመሳሰሉ ነው ቃሉ ቀስ በቀስ ወደ ትንሽነት የዞረው፤ «ሚኒ» የሚለውም የዚሁ ማሳጠሪያ ነው። ቀይ ቀለምን በብራና ላይ የሚያውቅ የእኛ አንባቢ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ቃላት በድምፅ ስለተመሳሰሉ ብቻ ዘመዳሞች አይሆኑም።

ወደ ቁም ነገሩ ስንመለስ፣ «ያነሰ» የሚል ቃል ብቻውን ሊቆም እንደማይችል ልብ ማለት ይገባል። አንድ ሰው ቀይ ወይም ረጅም ነው ሲባል ንግግሩ ይሞላል፤ «ያነሰ ነው» ሲባል ግን ሰሚው ከማን ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ሚኒስትር የሚለው ስም ከመጀመሪያው ይህን ጥያቄ በሆዱ ይዞ የተወለደ ነው።

በሮም ጥያቄው ቀላል መልስ ነበረው። ሚኒስተር በግብዣ ላይ ወይን የሚቀዳው፣ ምግብ የሚያቀርበው፣ በመሠዊያው አጠገብም ካህኑን የሚረዳው ሰው ነበር፤ በእኛ አነጋገር አሳላፊ ልንለው እንችላለን። አብዛኛውን ጊዜም ባሪያ ነበር። የዚህ ሥራ ግስ «ሚኒስትራሬ» በጣሊያንኛ «ሚኔስትራሬ» ሆኖ ከትልቁ ድስት በጭልፋ እየጨለፉ በየሳህኑ ማደልን ያመለክት ጀመር፤ የሚታደለው ሾርባም «ሚኔስትራ» ተባለ። በአትክልትና በባቄላ ዘር ወፈር ብሎ ሲሠራ ደግሞ «ሚኔስትሮኔ» ይሆናል፤ «ትልቁ ሚኔስትራ» እንደ ማለት። ጣሊያን ምግብ ቤት ገብቶ ሚኔስትሮኔ ያዘዘ ሰው፣ ሾርባው ጠረጴዛው ላይ ሲቀመጥ የሚኒስትርነትን ጥንታዊ ሥራ በዓይኑ እያየ ነው። በመዓርግ ስሞች መካከል ሳህን ላይ ቀርቦ የሚበላ ዘመድ ያለው ሌላ አላውቅም።

ከዚያው ሥር «ሚኒስቴሪየም»፣ ማለትም አገልግሎት፣ በፈረንሳይኛ እየተሸራረፈ «ሜትየ» ሆነና የእጅ ሙያን፣ መተዳደሪያ ሥራን ይገልጽ ጀመር። ጣሊያንኛው «ሜስትየሬ» ይለዋል። በጌታው ቤት የሚያገለግል ቤተኛም በጥንቱ ፈረንሳይኛ «ሜኔስትሬል» ይባል ነበር፤ በመሳፍንት አዳራሽ ከሚያገለግሉት መካከል ዘፋኙና መሣሪያ ተጫዋቹ ጎልተው ስለታዩ ስሙ ለእነርሱ ቀረ። የመካከለኛው ዘመን የአውሮፓ አዝማሪ ሚንስትሬል የተባለው በዚህ ምክንያት ነው። አንድ ቃል አሳላፊውን፣ ባለሙያውን፣ አዝማሪውንና የጦር ሚኒስትሩን በአንድ ቤት አሳድሯል ብንል ማጋነን አይሆንም።

ቃሉን ከማዕድ ቤት አውጥቶ ክብር ያለበሰው ቤተ ክርስቲያን ነው። አዲስ ኪዳን በተጻፈበት በግሪክኛ አገልጋይ «ዲያኮኖስ» ይባላል፤ እኛ ዲያቆን የምንለው ይህንኑ ነው። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 ሰባቱ ሰዎች የተመረጡት ሐዋርያት የእግዚአብሔርን ቃል ትተው ማዕድ እንዳያገለግሉ ነው፤ እዚህም ነገሩ ከገበታ አልራቀም። ወንጌል ወደ ላቲን ሲተረጎም ዲያኮኖስ በብዙ ቦታ «ሚኒስተር» ተባለ። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 20 ጌታችን ታላቅ ሊሆን የሚወድ አገልጋይ ይሁን ሲል የላቲኑ ንባብ «ማዮር» እና «ሚኒስተር» የሚሉትን ቃላት ፊት ለፊት ያቆማቸዋል፤ የሚበልጠው ያነሰው ይሁን ሲል ነው። ዝቅታው በቃሉ ሥር ውስጥ ስላለ የላቲን ተናጋሪው ጆሮ ይህን ተቃርኖ ያለ ማብራሪያ ይሰማዋል። ዲያቆንና ሚኒስትር እንግዲህ መንትዮች ናቸው፤ አንደኛው ከግሪክኛ በግዕዝ በኩል በጥንት ዘመን ገባ፣ ሌላኛው ከላቲን ተነሥቶ በአውሮፓ ቤተ መንግሥቶች ዞሮ ትናንት ደረሰ። በቅዳሴ ጊዜ መስቀልና ጽና ይዞ የሚቆመው ወጣትና በመሥሪያ ቤቱ በር ላይ ስሙ በነሐስ የተጻፈለት ሰው በአንድ ስም የሚጠሩ መሆናቸውን ስንቶቻችን አስበን እናውቃለን?

በዚያ ዘመን ቃሉ ምን ያህል ዝቅ ያለ እንደ ነበር የሚያሳይ አንድ ደብዳቤ አለ። እ.ኤ.አ. በ112 ገደማ ሮማዊው ጸሐፊ ትንሹ ፕሊኒ በዛሬዋ ቱርክ የሚገኙት የቢታንያና የጶንጦስ አገረ ገዥ ሳለ ስለ ክርስቲያኖች ለንጉሠ ነገሥት ትራያን ጽፏል። በደብዳቤው እውነቱን ለማውጣት ሁለት ሴት ባሪያዎችን አሠቃይቶ መመርመር እንዳስፈለገውና እነዚህ ሴቶች በማኅበራቸው «ሚኒስትሬ» ይባሉ እንደ ነበር ይናገራል። ስማቸውን አልጻፈም። ከሴቶቹ ዘንድ ያገኘውም የተበላሸና ልክ ያለፈ አጉል እምነት ብቻ መሆኑን ገልጾ ያልፋል። በክርስቲያን ታሪክ ሚኒስትር ተብለው በመንግሥት መዝገብ ላይ ቀድመው ከሚገኙት መካከል እነዚህ ሁለት ስም የለሽ ባሪያዎች መሆናቸው ሁልጊዜ ይነካኛል።

ይሁን እንጂ መጽሐፍ ቅዱስ ራሱ ሌላ በርም ከፍቷል። ቅዱስ ጳውሎስ ወደ ሮሜ ሰዎች በጻፈው መልእክት ምዕራፍ 13 ሰይፍ የታጠቀውን ገዥ የእግዚአብሔር አገልጋይ ይለዋል፤ በላቲኑ «የእግዚአብሔር ሚኒስተር» ነው። ከዚህ በኋላ ቃሉ ለሥልጣንም ሆነ። ገዥው አገልጋይ ነው፤ ጌታው ግን በሰማይ ነው። እንዲህ ያለ አገልጋይ ከፊቱ የቆመውን ገበሬ እንደ ጌታው አያየውም። አሠልጣኞቻችን አገልጋይ የሚለውን ቃል ብቻ ጽፈው ሲያበቁ የሚዘለው ይህ ነው፤ አገልጋይነት ራሱ ለማን እንደ ሆነ ካልተባለ የፍጹም ሥልጣን ማስረጃ ሊሆን ይችላል፣ ሆኖም ያውቃል።

ይህን በጉልህ የሚያሳየው የጀርመን መካከለኛ ዘመን ነው። ከ11ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ በቅድስት ሮማ ግዛት «ሚኒስቴሪያሊስ» የሚባሉ ሰዎች ነበሩ። በሕግ ነጻ ሰዎች አልነበሩም፤ ጌታቸው ከርስቱ ጋር ለሌላ ጌታ ሊያስተላልፋቸው ይችል ነበር፣ ያለ ፈቃዱም ማግባት አይችሉም። ነገር ግን ፈረስና ጋሻ ነበራቸው፣ አምባ ይጠብቁ ነበር፣ ግብር ይሰበስቡ ነበር፣ ነጻውን ገበሬ ያዝዙ ነበር። ነገሥታቱ ከመሳፍንቱ ይልቅ እነዚህን ይመርጡ ነበር፤ ምክንያቱም የራሱ የዘር ክብር ያለው መስፍን ሊያምፅ ሲችል፣ ሁሉን ነገር ከጌታው እጅ ያገኘው ሚኒስቴሪያሊስ ግን ከጌታው በቀር መቆሚያ አልነበረውም። ከእነርሱ አንዱ የአንቫይለሩ ማርክቫርት ነው። ንጉሠ ነገሥት ሄንሪ 6ኛ እ.ኤ.አ. በ1195 ነጻ አውጥቶ የራቬና መስፍን አደረገው፤ ጌታው ከሞተ በኋላም ሲሲሊን ለመያዝ ከርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ ጋር ተዋግቷል።

ቃሉን ሽቅብ የሳበው እንግዲህ ለብዙኀኑ ያደረገው አገልግሎት አይደለም፤ ለኃይለኛው የነበረው ቅርበት ነው። የጌታው እልፍኝ ደጃፍ ላይ የሚቆም ሰው ማን እንደሚገባ ይወስናል፤ ወይን የሚቀዳው የገበታውን ወሬ ይሰማል፤ የፈረስ ጋጣውን የሚጠብቅ በጦርነት ቀን ፈረሰኛውን ይመራል። «ማርሻል» በጥንቱ ጀርመንኛ የፈረስ አሽከር ነበር። «ኮንስታብል» የጋጣ አለቃ ነው። «ቻንስለር» በፍርድ ቤቱ የእንጨት መከለያ አጠገብ የሚቆም በረኛ ነበር። በእኛም አገር ብላቴን ጌታ የቤተ መንግሥት ብላቴኖች አለቃ እንደ ነበር፣ እልፍኝ አስከልካይ የሚለው መዓርግም ሥራውን በግልጽ እንደሚናገር እናውቃለን። ቤት ውስጥ የተጀመረ አሽከርነት ወደ አገር ግዛት ሲያድግ ስሙ አብሮ አደገ፤ ትርጉሙ ግን ከጆሮ ጠፋ።

በፈረንሳይ ካርዲናል ሪሽልዩ እ.ኤ.አ. ከ1624 እስከ 1642 የንጉሡ ዋና ሚኒስትር ሆኖ ሲሠራ ጌታና አገልጋይ ማን እንደ ሆኑ መለየት አስቸጋሪ ሆኖ ነበር። ተተኪው ማዛረን እ.ኤ.አ. መጋቢት 9 ቀን 1661 ሞተ፤ በማግሥቱ የ22 ዓመቱ ሉዊ 14ኛ ሹማምንቱን ሰብስቦ ከእንግዲህ ራሱ እንደሚገዛና ያለ ትእዛዙ ምንም ነገር እንዳይፈርሙ ነገራቸው። ከሁለቱ የሚበልጠው ማን እንደ ሆነ ለማስታወስ ንጉሡ አንድ ቀን እንኳ አላዘገየም። ሩሲያም ስምንት ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶችን በ1802 ስታቋቁም ያቋቋማቸው የቀዳማዊ አሌክሳንደር ዐዋጅ ነው፤ ሚኒስትሮቹም የዛሩ ነበሩ።

እንግሊዝ ውስጥ ነገሩ ሌላ መልክ ይዟል። ሮበርት ዎልፖል ከ1721 እስከ 1742 አገሪቱን ሲመራ «ፕራይም ሚኒስተር» የሚለው ስም የሚሰነዘርበት እንደ ስድብ ነበር። ከሌሎቹ የንጉሡ አገልጋዮች በላይ ራሱን ያስቀመጠ፣ የንጉሡንም ቦታ የተሻማ ማለት ስለሆነ ነው። በየካቲት 1741 ከሥልጣን ይወገድ የሚል ሐሳብ በምክር ቤት ሲቀርብበት ተነሥቶ ብቸኛና ቀዳሚ ሚኒስትር ነው መባሉን በግልጽ ካደ። ስሙ ከስድብነት ወጥቶ በመንግሥት ሰነድ ላይ የሰፈረው እስከ በርሊን ውል ድረስ ቆይቶ ነው፤ በ1878 ዲዝሬሊ ውሉን የፈረመው የንግሥቲቱ ፕራይም ሚኒስተር ተብሎ ነው። በመካከሉ ያለፈው ዘመን ሚኒስትር ለንጉሥ ብቻ ሳይሆን ለምክር ቤት መልስ መስጠት እንዳለበት ቀስ በቀስ የተለመደበት ነው። ይህ ለውጥ በቃሉ ውስጥ አልነበረም። ገንዘብ የሚፈቅደው ምክር ቤቱ ስለነበር የተገኘ ነው።

ዛሬ ቃሉ ከሊዝበን እስከ ሞስኮ፣ በሀንጋሪኛና በፊንላንድኛ ሳይቀር ጥቂት ድምፅ ብቻ እየለወጠ ይነገራል። የማልወድለት ነገር ቢኖር በአብዛኞቹ አገሮች ድምፁ እንጂ ሆዱ አለመሻገሩ ነው። ትርጉሙን ከፍተው የወሰዱት ጥቂቶች ናቸው። ግሪኮች ሚኒስትርን «ኢፑርጎስ» ይሉታል፤ ከሥር ሆኖ የሚሠራ ማለት ነው፣ የላቲኑን ዝቅታ በራሳቸው ቃል ጠብቀዋል። የዌልስ ሰዎች ለአገልጋይም፣ ለቤተ ክርስቲያን አገልጋይም፣ ለሚኒስትርም «ግዋይኒዶግ» ይላሉ። አይስላንዶች ግን «ራውድሄራ» ብለው «የምክር ጌታ» አድርገውታል። በእስራኤል የሚኖሩ ወገኖቻችን በየዕለቱ በዜና የሚሰሙት የዕብራይስጡ «ሳር» ደግሞ በመጽሐፍ ቅዱስ አለቃና መስፍን ማለት ነው። የአንዱ አገር አሽከር በሌላው አገር ልዑል ሆኗል። የአቴናው ኢፑርጎስ ስሙ ስለሚያዋርደው የኢየሩሳሌሙ ሳር ስሙ ስለሚያከብረው በሥራቸው ሊለያዩ ይገባል የሚል ሰው ይኖራል ብዬ አላስብም፤ ለዚህ ነው የቃል መነሻን እንደ መተዳደሪያ ደንብ መጥቀስ አያዛልቅም የምለው።

ወደ እኛ ቃሉ የገባው ዳግማዊ ምኒልክ በጥቅምት 1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን በሾሙ ጊዜ ነው፤ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ የጦር ሚኒስትር የሆኑት ያኔ ነው። ጸሐፌ ትእዛዝ፣ በጅሮንድ፣ አዛዥ፣ አፈ ንጉሥ እያለ ሥራውን በስሙ ሲገልጽ የኖረ ቋንቋ፣ ውስጡ የማይታይ ስም ተቀበለ። ሰውየውን ሚኒስትር፣ መሥሪያ ቤቱን ሚኒስቴር ማለታችን ከእንግሊዝኛው ይልቅ ወደ ፈረንሳይኛው ያደላል፤ ሁለቱን ማምታታት ዛሬም በደብዳቤዎቻችን ላይ የማይጠፋ ስሕተት ነው። ልጆቻችን ደግሞ ስምንተኛ ክፍል ሲደርሱ «ሚኒስትሪ ይፈተናሉ»፤ በዚህ አነጋገር ቃሉ አገልግሎትንም ሹመትንም ትቶ የፈተና ስም ሆኗል።

ከሁሉ ይልቅ የማስብበት «ጠቅላይ» የሚለው ቃላችን ነው። የእንግሊዝኛው «ፕራይም» አንደኛ፣ ቀዳሚ ማለት ብቻ ነው፤ ቀዳሚ ሰው ሌሎች አብረውት እንደሚሰለፉ ያሳያል። ጠቅላይ ግን ጠቅልሎ የሚይዝ ነው። ዎልፖል አይደለሁም ብሎ የማለበትን፣ ብቸኛ የሚለውን ክስ፣ እኛ ሳናስበው በመዓርጉ ስም ውስጥ አስገብተነዋል። ተርጓሚዎቹ በክፋት አደረጉት አልልም፤ ጠቅላይ ገዥ፣ ጠቅላይ አዛዥ የሚሉ መዓርጎች በጆሯቸው ውስጥ ነበሩና ጥሩ አማርኛ የመሰላቸውን መረጡ። ቢሆንም «ያነሰው» በሚል ቃል ላይ «ሁሉን የጠቀለለው» የሚል ቅጽል መጫኑን አንድ ጊዜ እንኳ ቆም ብሎ ማስተዋል የሚገባ ይመስለኛል።

በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ሚኒስትሮችን የሚሾመውም የሚሽረውም ንጉሠ ነገሥቱ ስለነበር «ከማን ያነሰ?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ ግልጽ ነበር። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት ግን በአንቀጽ 76 ሁለት መልስ ይሰጣል፤ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ተጠሪ ነው ይልና፣ ቀጥሎ በሚወስነው ውሳኔ ሁሉ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ተጠሪ መሆኑን ይደነግጋል። ለእኔ የዚህ አንቀጽ ክብደት ያለው «ተጠሪ» በሚለው የገዛ ቃላችን ላይ ነው። ተጠሪ የሚጠራ ሰው ነው። በድሮው ቤት አሽከር ከእልፍኝ ስሙ ሲጠራ ከሩቅ «አቤት!» ብሎ ይመጣል፤ ሳይመጣ ቢቀር ለምን እንደ ቀረ ይጠየቃል። ቃሉ ጠሪ እንዳለ፣ ጥሪ እንዳለ፣ መልስም እንደሚጠበቅ በአንድ ጊዜ ይናገራል፤ ላቲኑ ከእነዚህ አንዱንም አይነግረንም። አሠልጣኙ ነጩ ሰሌዳ ላይ «አገልጋይ» ብሎ ካሰመረ በኋላ ጥቂት ቦታ ቢተርፈው፣ ከሥሩ የአንቀጽ 76ን ሁለት ጠሪዎች ጽፎ ባለፈው ዓመት እያንዳንዳቸው ስንት ጊዜ እንደ ጠሩና ስንት ጊዜ «አቤት» እንደ ተባሉ ተሰብሳቢውን ቢጠይቅ እወዳለሁ።